የተለቀሰለት ፍራሽ

«የብርጓል ተዝካሯን ተኝታበታለች አሉ።»

ይህን ያለችው ታየች ናት። ታየች ከየብርጓል ጋር በአንድ አጥር የምትዋሰን ጎረቤት ናት፤ በአጥሩ ቀዳዳ የማታየው የለም፣ ያላየችውንም ትሰማዋለች። ወንዝ ወርዳ ውሃ ስትቀዳ ለአንዷ በጆሮዋ ነገረቻት። ያችኛዋ እንስራዋን ሳትሞላ ለሌላዋ አቀበለቻት። ፀሐይ ሳይበረታ ወሬው ዳገቱን ወጥቶ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ደረሰ። «ሙክቶቹን ሸጣ ፍራሽ ገዛችባቸው። ለነፍሷ ያለችውን ለጎኗ አደረገችው።»

ታየችን ሰው በሐሜት ይከሳታል እንጂ ውሸታም እንኳ አይደለችም። ትጨምራለች እንጂ አትፈጥርም። በዚህኛው ወሬ ላይ ደግሞ መጨመርም አላስፈለጋት፤ እውነቱ ራሱ ከበቂ በላይ ነው። የብርጓል ተዝካሯን ተኝታበታለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የብርጓል ከሉማሜ በእግር ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር የምትኖር ባልቴት ናት። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ያላት ወንድ ልጅ ባዘዘው ነው፤ እዚያው ግቢዋ ጥግ ጎጆ ቀልሶ፣ ሚስት አግብቶ፣ የእሷንም መሬት የራሱንም ያርሳል። በዚያ አገር ደግሞ «ልጆቼ ተዝካሬን ያወጡልኛል» ብሎ ልቡን ያልጣለ ሽማግሌም ሆነ አሮጊት በቁሙ ይደግሳል። ካህናቱን ጠርቶ፣ ጸሎት አስደርሶ፣ አገሩን አብልቶ አጠጥቶ፣ «እንግዲህ ብሞት ግዴለኝም» ብሎ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። የቁም ተዝካር ይሉታል። የብርጓልም ከፋሲካ በኋላ የቁም ተዝካሯን ልታወጣ ሙክቶች አስራ ትቀልብ ነበር። ስባቸው ከመብዛቱ የተነሣ ሲራመዱ እንደ ባላባት ይጎማለሉ ነበር። አገሩም እያያቸው ምራቁን ይውጣል፤ ታየችማ በአጥሩ ቀዳዳ ጅራታቸውን ትመዝን ነበር።

የብርጓል ግን ወገብ የላትም። ማለት ወገብ አላት፣ ተቀጥቅጦ አለቀ እንጂ። አልጋዋ በሠርጓ ጊዜ የተሠራ የጠፍር አልጋ ነው። ጠፍሩ ላልቶ ላልቶ መኻሉ እንደ ገበቴ ሰርጉዷል። በላዩ ቁርበት፣ በቁርበቱ ላይ ጭድ የተጠቀጠቀበት ጆንያ። በአልጋው መጋጠሚያ ሁሉ ትኋን ወልዶ ከብዶ ይኖራል። ታዲያ ማታ እሷ ስትተኛ እነሱ ይነሣሉ። ጧት ስትነሣ እንደ ማጭድ ጎብጣ ነው፤ እስክትቃና ቀኑ ይጋመሳል፣ ተቃናሁ ስትል ደግሞ ይመሻል፣ ተመልሳ እዚያው ገበቴ ውስጥ።

አንድ ጊዜ ማርቆስ ሆስፒታል ሄደች። ወጣቱ ሐኪም ጀርባዋን በጣቱ እየተጫነ ወርዶ ወርዶ፣ «እማማ፣ ለመሆኑ ምን ላይ ነው የሚተኙት?» አላት።

ነገረችው። ጠፍሩንም፣ ቁርበቱንም፣ ጭዱንም፣ ትኋኑንም አልደበቀችም።

«መድኃኒት እሰጥዎታለሁ፤» አለ። «ግን አልጋዎ ካልተቃና ወገብዎ አይቃናም።»

ከሆስፒታሉ በር ውጭ ሥራነሽ ተቀምጣ ትጠብቃት ነበር። ሥራነሽ የልጅነት ጓደኛዋ ናት፤ አብረው እንጨት ለቅመው፣ አብረው ተድረው፣ አብረው ባል ቀብረዋል። ጥርስ የላትም። ከእጇ እንዝርት አይለይም፤ መንገድም ስትሄድ፣ ልቅሶ ቤትም ስትቀመጥ ትፈትላለች። ብዙ አትናገርም። ስትናገር ግን ሰው የሚጠጣውን ይተዋል።

«ምን አለሽ?» አለች ሥራነሽ።

«ሙክቶቹን ሽጪ አለኝ።»

«ሐኪሙ ሙክቶች እንዳሉሽ በምን አወቀ?»

«እኔ ነኝ ያወቅሁለት። ፍራሽ ልገዛ ነው።»

ሥራነሽ እንዝርቷን አሽከረከረች። «ተዝካሩስ?»

«ብሞት ሬሳዬን ሜዳ የሚጥለው የለም። አሁን በየሌሊቱ ሜዳ ላይ የሚጥለኝ አልጋዬ ነው።»

«እንግዲያ ጥሩ ፍራሽ ግዢ፤» አለች ሥራነሽ፤ «መታማታችን ላይቀር።»

ለባዘዘው «ለሕክምና ነው» ብላ ሙክቶቹን ሉማሜ ገበያ አወጣቻቸው። ውሸት ነው እንዳትሏት፤ ሐኪም ያዘዘው ነገር ሕክምና ካልሆነ ምን ሊሆን ነው። ጥር ነበር፤ የሠርግ ወር ስለሆነ ሙክት እንደ ሙሽራ ይፈለጋል፤ ወዲያው ተነጠቁ። በበነጋው ሁለቱ አሮጊቶች ተሳፍረው ማርቆስ ገቡ። ጊዜው ባጃጅ ገና ማርቆስ ገብታ ሰው እንደ ጉድ የሚያያት ጊዜ ነው። ሥራነሽ «ይቺ ጎማ ያላት ዶሮ» እያለች አልሳፈርባትም አለች፣ በእግር ፍራሽ ተራ ደረሱ።

ሱቁን የያዘችው ዘመናይ የምትባል ወጣት ናት፤ ፀጉሯን ተተኩሳ ፍራሽ ተደራርቦ ኮረብታ ከሠራበት አጠገብ ተቀምጣለች።

«እማማ፣ ለሙሽራ ነው?» አለቻቸው።

«አዎ፤» አለች የብርጓል። «ሙሽራዋም እኔ ነኝ።»

ዘመናይ ሳቀች። የብርጓል አልሳቀችም፤ ነጠላዋን አጠበቀችና ሥራ ጀመረች።

መጀመሪያ የጭድ ፍራሽ አሳየቻት። የብርጓል በጣቷ ነካ አድርጋ፣ «ይኸ እቤቴ አለ፤ ከነቤተሰቡ» አለችና አለፈችው። ቀጥሎ ስፖንጅ መጣ። ዘመናይ ታወድሰው ጀመር፤ ቀላል ነው፣ ዘመናዊ ነው፣ የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ የሚተኛው በዚህ ነው። የብርጓል ጫማዋን አወለቀች። ሱቁ ደጃፍ ላይ፣ መንገደኛ ሁሉ እያየ፣ በጎኗ ጋደም አለች። ሥራነሽ እግሯን በነጠላዋ ሸፈነችላትና ፈትሏን ቀጠለች። ከተማው ቆሞ ያያል፤ አንዱ «ታመው ነው?» ይላል፣ አንዱ «የደከማቸው ናቸው» ይላል። የብርጓል ዓይኗን ጨፍና ወገቧን ታዳምጣለች።

«ሰመጥሁ፤» አለች በመጨረሻ። «ልጄ፣ ይኸ እኮ የእኔው ጠፍር ነው፣ ለስልሶ መጣ እንጂ።»

«ጠንካራ ስፖንጅም አለ እማማ።»

ጠንካራው ላይም ተኛች። እሱስ አላሰመጣትም፤ ግን አፍንጫዋን ልብሱ ላይ ደፍታ አሸተተችውና ፊቷን ቋጠረች፤ ጋዝ ጋዝ ይላል አለች። ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል፤ አፍንጫዋ እንደ ቀበሮ ነው። «የጥጥ የለሽም?»

ጥጥ ላይ ሲደርስ ነገሩ ተለወጠ። ጥጥ የየብርጓል አገር ነው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ስትባዝት፣ ስትነድፍ፣ ስትፈትል የኖረች ናት። የፍራሹን ማዕዘን ይዛ፣ «ይቺን ስፌት ትንሽ ልፍታት» አለች።

«ኧረ እማማ፣ አይሆንም።»

«መልሼ እሰፋዋለሁ። መርፌ ከነክሩ ይዣለሁ።»

ዘመናይ ወዲያ ወዲህ ስትል ስፌቱ ተፈትቷል። የብርጓል ጣቷን ሰድዳ ከሆዱ ትንሽ ጎትታ አወጣች፣ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መኻል አክርራ ሳበችው። ብጥስ አለ። ደግማ አከረረች። ብጥስ አለ።

«ይኸ ጥጥ አይደለም። የአሮጌ ሹራብ ልጅ ነው።»

ሥራነሽም እጇን ሰደደች፣ ሳበች፣ ተበጠሰ። «የልጅ ልጅ ነው እንጂ» አለች።

ዘመናይ ተናደደች፣ ቀጥላ አፈረች፣ ቀጥላ ደግሞ ተነሥታ ከጓዳ ሌላ ጎትታ አመጣች። «ይኸ ለእህቴ ሠርግ ያስቀመጥሁት ነበር» አለች። ከዚያኛው ሆድ የወጣው ጥጥ ሲከር እንደ ጸጉር ተሳበ፤ ሥራነሽ እንዝርቷ ላይ ልትጠመጥመው ሁሉ ቃጣት። የብርጓል በጀርባዋ ተንጋለለችበት። እጇን በወገቧ ሥር ሰደደች።

«ምን እያደረጉ ነው?» አለች ዘመናይ።

«እጄ ዝም ብሎ ከገባ ፍራሹ ድንጋይ ነው። ጭራሽ ካልገባ ረግረግ ነው። በግድ ከገባ...» እጇን አወጣች፣ መልሳ ሰደደች። «በግድ ገባ፣ በግድ ወጣ። ይኸ ነው።»

ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች። ብዙ ጊዜ አልተነሣችም። ዘመናይ ሥራነሽን ቀና ብላ አየቻት፤ ሥራነሽ በጣቷ «ዝም በያት» አለቻት። የብርጓል አልተኛችም ነበር። ወገቧ፣ ስንት ዓመት ሲጮህ የኖረው ወገብ፣ ዝም ያለበትን ዝምታ እየሰማች ነበር። ስትነሣ ዓይኗ እርጥብ ነበር፤ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችውና ስፌቱን ሰፋችው። ለመሸፈኛም ነጭ አቡጀዲ አስቀደደች።

እዚህ ላይ ነው ጉዱ የሚመጣው።

ዘመናይ እንጠቅልለው ብትል የብርጓል እንቢ አለች። «ጥጡ ይጎብጣል። በቤቴ የጎበጠ እኔ እበቃለሁ።» በቁመቱ እጥፍ ተደረገ፣ አቧራ እንዳይገባው በነጩ አቡጀዲ ተከፈነ፣ ከላይ፣ ከመኻል፣ ከታች በገመድ ታሰረ። በመኪና አናት ሉማሜ ደረሰ። ከሉማሜ መንደሩ ድረስ መኪና የለም፤ አህያ ደግሞ ርዝመቱን አይችለው። እንዲያ ቆመው ሲጨነቁ፣ ከወዲያኛው አገር የመጡ ሰዎች ምጥ የያዛትን ሴት ጤና ጣቢያ አድርሰው ባዶ ቃሬዛቸውን ይዘው ሲመለሱ አገኟቸው።

«መንገዳችን ነው፣ እናደርስላችኋለን» አሉ። ጭነው፣ አራት ሆነው፣ በትከሻቸው አነሡትና ገሰገሱ። ሁለቱ አሮጊቶች ከኋላ፣ አንዷ በምርኩዟ፣ አንዷ በእንዝርቷ።

እንግዲህ አስቡት። ረዥም፣ ነጭ፣ ሦስት ቦታ የታሰረ ነገር፣ በቃሬዛ፣ በአራት ሰው ትከሻ። መንገድ ላይ ያገኛቸው ሁሉ ባርኔጣውን ያወልቃል፣ ከበቅሎ ይወርዳል፣ ያማትባል። ሰዎቹ የዚህ አገር ሰው እንዴት ያለ ትሑት ነው እያሉ ይሄዳሉ።

ታየች በአጥሯ ቀዳዳ አየች። የብርጓል ማርቆስ ለሕክምና እንደሄደች ታውቃለች። ከዚያ ወዲህ ማን ይያዛት። እሪታዋ እወንዙ ማዶ ተሰማ። ሰው ከየቤቱ ወጣ፣ ባዘዘው ከዐውድማ መንሹን እንደያዘ እየሮጠ መጣ። ሰዎቹ መንደር መግቢያ ከወይራው ሥር ሊያርፉ ቃሬዛውን አስቀምጠው ነበር። ሕዝቡ እያለቀሰ ሲመጣባቸው፣ በዚህ መንደር ሰው ሞቶ ኖሯል፣ ምስኪኖች ብለው ገለል አሉ፤ ራሳቸውን ደፍተው ቆሙ። አንዱማ ሆደ ባሻ ኖሮ አብሮ አለቀሰ።

«እንግዲህ በቀዳዳዬ ማንን አያለሁ» እያለች ታየች ደረቷን ትመታለች። ባዘዘው ቃሬዛው ላይ ተደፋ፤ አቀፈው፣ ተንከባለለበት፤ ድምፁ እንደሆነ መረዋ ነው፣ ለልቅሶ የተፈጠረ።

«ጎኗ እየተላጠ ጠፍር ላይ ስታድር፣
ልጅ አለኝ ትል ነበር እኔን ብላ ባገር።
ምናለ አንድ ቀን ተመልሳ ባያት፣
በነጭ ጥጥ ላይ አነጥፌ ባስተኛት።»

ሰው ሁሉ ተንሰቀሰቀ። ነገሩ እንዲህ እያለ የብርጓልና ሥራነሽ ደረሱ። ነጠላ እስከ ዓይናቸው ለብሰዋል፤ ለቀስተኛ ናቸው ብሎ ሰው ቦታ ለቀቀላቸው። ሥራነሽ አፏን ልትከፍት ስትል የብርጓል ቆነጠጠቻት።

«ቆይ፤ ልስማ።»

«ሰው ጉድ እየሆነ?»

«ዕድሜ ልኬን እንዲህ ያለ ነገር ተብሎልኝ አያውቅም። ትንሽ ልስማ።»

ሰማች። ደግነቷን ሰማች፣ ሙያዋን ሰማች፣ ወንፊት የማትነፍግ ጎረቤት እንደነበረች ከታየች አፍ ሰማች። የባዘዘውን ደግሞ ሁለቴ ሰማችው፤ ደግሞ ደጋግሞ ነበርና የሚለው። ሁለተኛው ላይ ሆዷ ባባ፤ ያም ሆኖ ፍራሹ ላይ የሚወርደውን እንባ ስታይ አላስቻላትም።

«ባዘዘው፣» አለች ከሰው ኋላ፣ «ቀስ በል ልጄ። ጥጥ እርጥበት አይወድም።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመንገር አፍም አይበቃ። ሰው ተበተነ፣ ያማተበ አለ፣ አጥር የዘለለ አለ። ታየች ወድቃ ውሃ ተረጨባት። ቃሬዛ ተሸካሚዎቹ «ታዲያ የሞተው ማን ነው?» እያሉ ሲጠይቁ ቀሩ። ሰው ሲገባው ሳቁ እንደ ሰደድ እሳት ተያያዘ። ያልሳቀ ባዘዘው ብቻ ነው። ከቃሬዛው ላይ ተነሣ፣ ጉልበቱን አራገፈ፣ መንሹን አነሣና ዘወር ሳይል ሄደ።

በበነጋው ዐውድማ ላይ አንዱ «ፍራሹ እንዴት አደረ?» አለው። በማግስቱ ሌላው «ነፍስ ይማር፣ ለጥጡ» አለው። የሳቀበት ሰው ሁሉ አንድ አንድ ጠጠር ልቡ ላይ ያስቀምጣል። ታየች ደግሞ ወድቃ የተረጨባትን ውሃ በወሬ ልትክስ ተነሣች፤ ሙክቶቹ ለሕክምና እንዳልተሸጡ ደረሰችበት። ይኸኔ ነው «ተዝካሯን ተኝታበታለች» የተባለው። ልታገባ ነው ያለም አለ፤ ዘመናይ ሱቅ ውስጥ «ሙሽራዋ እኔ ነኝ» ማለቷን አንድ የሚያውቃት ነጋዴ ሰምቶ ኖሯል።

የብርጓል ግድ አልነበራትም። የላላውን ጠፍር በቢላ በጣጥሳ ጣለችው። በምትኩ ጣውላ አስደረደረች፤ ጣውላና ጣውላ እንዳይነካካ፣ ጣት የምታህል ክፍት እየተዉ። «ጥጥም እንደ ሰው መተንፈስ ይወዳል» አለች። በአልጋው መጋጠሚያ ሁሉ የፈላ ውሃ ገለበጠችበት፤ ትኋኑ ዘር ማንዘሩ አለቀ። ከጣውላው ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠል ነሰነሰች። አቡጀዲውን እንደ ከረጢት ሰፋችው፣ ሲቆሽሽ አውልቃ በእንዶድ እንድታጥበው። የፍራሹን ራስጌ ወደ ግርጌ፣ ሆዱን ወደ ጀርባው እያገላበጠች ትተኛበታለች፤ አንድ ቦታ እንዳይጎደጉድ። ዶሮ አይወጣበትም። ጠርዙ ላይ የተቀመጠ ሰው «ተነሥ፣ ይጎብጣል» ይባላል፤ ማንም ይሁን ማን። በሳምንት በሳምንት ደግሞ፣ ፀሐይ ሲወጣ፣ ሥራነሽ መጥታ በአንድ በኩል ትይዝላታለች፤ አውጥተው ሠፈሩ ሁሉ እያየ አጥሩ ላይ ያሰጡታል። ሌላ የሚሰጣበት ቦታ ጠፍቶ አይደለም። የታየች ቀዳዳ ያለበትን አጥር መርጣ ነው። ከዚያ ቀጭን በትር ይዛ ታራግፈዋለች፤ ቧ፣ ቧ፣ ቧ። ታየች ቀዳዳዋ ተደፍኖባት ድምፁን ብቻ ትሰማለች።

ባዘዘው ሁለቴ መጥቶ ነበር። መጀመሪያ «ሽጪው» አላት፤ «እተኛበታለሁ» አለችው። ሁለተኛ «የተለቀሰበት ነገር ገዱ አያምርም፣ ከቤት ይውጣ» አላት። «በእኔ እንጂ በእሱ መች ተለቀሰ» አለችው። ሦስተኛ ሽማግሌ ይዞ መጣ።

እሑድ ነበር፣ ከቅዳሴ መልስ። የነፍስ አባቷ ቄስ ገዳሙ መጡ። ታረቀኝ የሚባለው የመንደሩ ሽማግሌ መጣ፤ ይኸ ሰው ተዝካሩን ከማንም በላይ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው። ታየች ደግሞ ወንፊት ልትዋስ ገባችና ሳትዋስ ተቀመጠች። ሥራነሽ ድሮም እዚያው ነበረች፤ በሩ አጠገብ እንዝርቷን ታሾራለች። ሁሉም መደቡ ላይ፣ ደረቅ ጭቃው ላይ ተደርድረዋል። ነጩ ፍራሽ ከፊት ለፊታቸው እንደ ሙሽራ ተዘርግቷል፤ ማንም አልተቀመጠበትም፣ ማንም ግን ዓይኑን አልነቀለበትም።

«ልጄ የብርጓል፤» አሉ ቄስ ገዳሙ፣ «ሰው ለሥጋው ሲያደላ ነፍሱ ትከፋለች።»

«አባቴ፣ ነፍሴ የምታድረው እዚሁ ሥጋ ውስጥ ነው። እኔ ሌሊቱን ሳቃስት እሷም አትተኛም ነበር።»

«ቢሆንም ለእግዚአብሔር የታሰበ ነገር...»

«እርስዎ ያውቁኛል። አምና ቅዳሴ ስገባ ወንጌል ሳይነበብ እግሬ ይከዳኝ ነበር፤ ከግንቡ ተደግፌ፣ ሲብስ ወጥቼ ነበር የምሄደው። ከዚህ ፍራሽ ወዲህ ግን እትዉ በሰላም እስኪባል እቆማለሁ። ዛሬስ አላዩኝም?»

ቄስ ገዳሙ ጺማቸውን ያዙ። «እሱስ አይቻለሁ» አሉ፤ መስቀላቸውን ወደ ሌላኛው እጃቸው አዛወሩ።

ታረቀኝ ግን ጉሮሮውን ጠረገ። «አባት እናቶቻችን ቁርበት ላይ ተኝተው ነው ያረጁት።»

«አዎ፤ ጎብጠው።»

«ሰውስ ምን ይላል?»

«ሰው የሚለውን ብሎ ጨርሷል። ታየች፣ የቀረ አለ እንዴ?»

ታየች ነጠላዋን አስተካከለች።

ይኸኔ ባዘዘው ተነሣ። እስካሁን መሬት መሬት ሲያይ ነበር። «እኔ ብዙ አላውቅም፤» አለ። «ፍራሹ ይሸጥ፣ ሙክት ይገዛበት፣ ተዝካሩ ይውጣ። ይኸ ካልሆነ ለእንግዳ ይቀመጥ፤ አባ ሲመጡ፣ ክርስትና አባት ሲመጣ ይነጠፍላቸው። እሷ እንደ እናቶቿ ቁርበቷ ላይ ትተኛ። ይኸም ካልሆነ እጄን አነሣለሁ። ከዘንድሮ ክረምት ጀምሮ መሬቷን የሚያርስ ትፈልግ።»

ቤቱ ውስጥ የነበረው ሁሉ ቀና አለ። እንዲህ ይላል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። በሬ የሌላት፣ ሞፈር የሚይዝላት የሌላት ባልቴት ክረምት ሲመጣ ምን እንደምትሆን እዚያ የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል። የብርጓልም ታውቀዋለች። እጇ ምርኩዟን ፈለገ። ጠፍሩን አሰበችው፤ ገበቴውን፣ ጭዱን፣ ጧት ጧት እስክትቃና የምትጠብቀውን ፀሐይ። ልጇንም አየችው፤ ከወይራው ሥር ጀምሮ ፊቱ እንደተቋጠረ ነው።

«አልሸጠውም፤» አለች። ድምፅዋ ቀጠነ እንጂ አልተሰበረም። «ለእንግዳም አልተወውም፤ እንግዳው እኔ ነኝ፣ ልሄድ የተቃረብሁት። መሬቱን ካላረስህ ጦሙን ይደር። እኔ ግን ዛሬም የምተኛው እዚህ ላይ ነው።»

«ሰማችሁ አይደል?» አለ ባዘዘው ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ። «ለእናቴ ያላደረግሁት ምን አለ? በአገር ፊት አዋረደችኝ።»

ታረቀኝ ራሱን ነቀነቀ። ቄስ ገዳሙ አንድ ነገር ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ።

በበሩ አጠገብ የሚሾረው እንዝርት ቆመ። ሥራነሽ ክሯን ጠቅልላ፣ እንዝርቷን ጭኗ ላይ አስተኛችና ባዘዘውን አየችው።

«ባዘዘው ልጄ፤» አለች፣ «ከወይራው ሥር 'ተመልሳ ባያት በነጭ ጥጥ ላይ አነጥፌ ባስተኛት' ያልከውን ቆሜ ሰምቻለሁ፤ እነዚህም ሰምተዋል። ይኸው ተመለሰች። ጥጡንም ራሷ ገዛችው፤ ላንተ የቀረህ ማንጠፍ ብቻ ነበር። ወይስ እንዲያ ያልከው አትመለስም ብለህ ተማምነህ ነው?»